ጋሽ ሽታው አሟቸው አያውቅም

ጋሽ ሽታው አስረስ አረገዙ ተባለ።

ወሬው የተነሳው ረፋዱ ላይ ከጤና ጣቢያው በር ነው። ገበያ ሲደርስ የሦስት ወር ነበር፤ መናኸሪያውን ሲያልፍ አምስት ወር ገባው፤ ዓሣ የሚሸጥበት ሐይቁ ዳር ሲደርስ መንታ ሆነ። እግዜርን የሚፈሩት አማተቡ፤ አላህን የሚፈሩት «ሱብሃነላህ!» አሉ፤ ማንንም የማይፈሩት ደግሞ አባትየው ማን እንደሆነ ይጠይቁ ጀመር።

ውሸት ነው። ጋሽ ሽታው አላረገዙም። እርግጥ ነው፣ እርጉዞች የሚታዩበት አልጋ ላይ ተኝተዋል። እርግጥ ነው፣ ሸሚዛቸውን እስከ ደረታቸው ገልበው ሆዳቸውን ተቀብተዋል። እርግጥ ነው፣ ፅንስ የሚታይበት መሣሪያ እምብርታቸው ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆይቷል። ከዚህ ያለፈው ግን የሰው ስም ማጥፋት ነው። እኛም ነገሩን ከሥሩ ለመናገር የተነሳነው የሰውየው ክብር ቆርቁሮን እንጂ ወሬ ወደን አይደለም።

በየከተማው አንድ አሞት የማያውቅ ሰው አለ። እናንተም ሰፈር አለ፤ ከሌለ ሞቶ ነው። ይህ ሰው ሐኪም ቤት የሚረግጠው ሌላ ሊጠይቅ ነው፤ እሱንም በሽተኛውን ተቆጥቶ ይመለሳል። ወባ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራርጎ ሲያስተኛ የእሱን በር ተሳልማ ታልፋለች፤ ወይም እሱ እንደዚያ ይላል። የኛው፣ የሐይቅና የአምባሰሉ፣ ክቡር ጋሽ ሽታው ናቸው። አምባሰል ተራራ ሥር ተወለዱ፤ ጉልምስናቸውን የነዳጅ ቦቲ ከአሰብ ኮምቦልቻ ሲያመላልሱ ጨረሱ፤ ዛሬ ሐይቅ ከተማ አስፋልቱ ዳር በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን ሹፌር ሁሉ በየተራ ይሳደባሉ። «እንዴት ነዎት ጋሼ?» ያላቸው ሰው «ደህና» የሚል መልስ አያገኝም። መልሳቸው አንድ ነው፤ በቁጣ ነው።

«ምን ሆኜ!»

በእርሳቸው በኩል የተበላሸ ነገር ኖሮ አያውቅም፤ የሚበላሸው ዓለሙ ነው። ጥርሳቸው ሲወልቅ «ሰነፍ ጥርስ ነበር፤ እኔ አላባረርኩትም» አሉ። ጆሯቸው ሲደክም የዘንድሮ ሰው በሹክሹክታ ማውራት ጀመረ ብለው ከተማውን በሙሉ በሐሜት ጠረጠሩ። ዓይናቸው ሲፈዝ ማተሚያ ቤቶች ቀለም መስረቅ እንደጀመሩ ተናገሩ። ለመስከረም ግሸን ማርያም ሲሄዱ፣ ድሮ በአንድ ትንፋሽ የሚጨርሱትን አቀበት መሐሉ ላይ ቁጭ እያሉ መውጣት ሲጀምሩ፣ እሱንም ደረሱበት። «ተራራው ላይ አፈር ጨምረውበታል» አሉ።

«ማን ነው የጨመረው ጋሼ?»

«ማን ይሆናል? መንግሥት ነዋ!»

ሲጋራም ነበራቸው። አንድ ቦቲ ነዳጅ ጭኖ በሚያጨስ ሹፌር ላይ እግዜር ምን ያህል እንደሚታገስ የሚያውቅ ጋሽ ሽታውን ያየ ብቻ ነው። ያቆሙትም ስላሳላቸው አይደለም፤ አሰብ ሲዘጋ አኩርፈው ነው። ሳሉ ግን አላኮረፈም፤ እስከ ዛሬ አብሯቸው አለ። «ሳል አይደለም» ይላሉ፤ «ጉሮሮዬን እየጠረግሁ ነው።» ሲጠርጉት የወንዝ ማዶ ውሻ ይጮኻል።

የሰው በሽታ ደግሞ እንደ ስድብ ነው የሚሰማቸው። የልጅነት ወዳጃቸው ጋሽ ሙሐመድሁሴን፣ መንገድ ዳር ጎማ የሚጠግኑት ጎሚስታው፣ ደም ግፊት አለብህ ተብለው ክኒን ሲጀምሩ ጋሽ ሽታው ሊጠይቋቸው ሄዱ። ደጁ ላይ ቆመው፦ «ሙሐመድሁሴን! ሰው አይደለህም እንዴ? እንደ በግ የሰጡህን ሁሉ ትበላለህ?» አሏቸው።

«አብሽር ሽታው፤ አንተ እስክትሞት እየጠበቅሁ ነው የምውጠው» አሉ ጋሽ ሙሐመድሁሴን።

«እኔ? ምን ሆኜ!»

ሦስት ሳምንት ተኳረፉ። በአራተኛው ማኩረፋቸውን ረስተው ሌላ ጉዳይ አንስተው ተጣሉ።

ይህ ሁሉ በሰላም ሲኖር ነው ባለፈው ጥቅምት ያ ባጃጅ የመጣው። ጣሪያው ላይ ሞንታርቦ አስሮ ከተማውን ዞረ፤ ከደሴ ሐኪሞች መጥተዋል፣ ለሁለት ሳምንት ጤና ጣቢያው ይቆያሉ፣ ዕድሜያችሁ ከስልሳ አምስት በላይ የሆነ አባቶች፣ በተለይም ሲጋራ አጭሳችሁ የምታውቁ፣ በሆድ ውስጥና በእግር ያለውን ትልቁን የደም ስር፣ ባያማችሁም መጥታችሁ ታዩ፤ አለ።

ጋሽ ሽታው ከበረንዳው ተነሱ።

«ባያማችሁም? ባያማችሁም ብሎ ጥሪ! ያላመመውን ና ታከም ማለት ያልሞተውን ና ተቀበር ማለት ነው! ደግሞ ወንድ ብቻ! ምነው፣ ሴቱ ሆድ የለውም?»

ባለቤታቸው እትዬ የሺሀረግ ሽሮ ሲነፉ ነበር፤ ቀና እንኳ አላሉም። «የሴቱን ሆድማ ሲያዩት ኖረዋል። የደበቃችሁት እናንተ ናችሁ።»

ነገሩን ያከበደው ግን የመሣሪያው ቦታ ነው። አልትራሳውንድ ማለት ሐይቅ ውስጥ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፤ ያረገዘች ሴት የምትታይበት። ክፍሉም የእናቶች ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ ሕፃን ጡት ሲጠባ የሚያሳይ ሥዕል ተለጥፏል፤ ኮሪደሩ ላይ ሆዳቸው የገፋ ሴቶች በወንበር ተደርድረዋል። እንግዲህ ነጭ ጋቢ የለበሰ፣ በዕድር የሚፈርድ፣ በሰርግ የሚመርቅ ሽማግሌ እዚያ ወንበር ላይ ምን ብሎ ይቀመጣል? ከቅዳሴ የወጣውም ከጁምዓ የተመለሰውም በጤና ጣቢያው በር አለፈ፤ የገባ የለም። ሁሉም ከአጥሩ ሲደርስ ሰማዩን ማየት ያበዛል። ወጣቷ ሐኪም፣ ዶክተር እድላዊት፣ ወንዶችን ስትጠብቅ ቀኑን ሙሉ ሴቶችን ስታይ ዋለች።

ሌላው ሰው ቀረ፤ ቤቱም ተቀመጠ። ጋሽ ሽታው ግን መቅረት አይበቃቸውም፤ መቅረታቸውን ሄደው መናገር አለባቸው። በሦስተኛው ቀን ኮታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ጤና ጣቢያው ገቡ። እትዬ የሺሀረግ ጠብ እንዳይነሳ ብለው ነጠላቸውን እየጎተቱ ተከተሏቸው።

«ማነው እዚህ ቤት ደህና ሰው በድምፅ ማጉያ የሚያሳድደው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለች ዶክተር እድላዊት ከመቀመጫዋ ተነስታ። «እንኳን መጡልኝ። ዕድሜዎን ቢነግሩኝ?»

«ሃምሳ ስምንት።»

«ንጉሡ ሲወርዱ ቦቲ ትነዳ አልነበረም እንዴ?» አሉ እትዬ የሺሀረግ ከበሩ ሆነው።

«እነዳ ነበር።»

«በሰባት ዓመትህ?»

«እግሬ ረጅም ነበር!»

ኮሪደሩ ላይ ያሉት እርጉዞች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ አንዷም ሳትወልድ የቀረችው በተአምር ነው። ሐኪሟ ግን አልሳቀችም። ብልህ ልጅ ናት፤ ሰውየውን በአንድ እይታ አነበበቻቸው።

«ልክ ነዎት ጋሼ» አለች። «ደህና ሰው ነዎት። እርስዎን ልመርምር አልልም። የኔ ችግር ሌላ ነው። እዚህ ከመጣሁ አንድም ጤነኛ የአባት ሆድ አላየሁም። ጤነኛው ምን እንደሚመስል ለከተማው ባሳይ፣ ሌሎቹ አፍረው ይመጡ ነበር።»

ጋሽ ሽታው ከዘራቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። በዕድሜያቸው ለብዙ ነገር ተጠርተዋል፤ ለምስክርነት፣ ለእርቅ፣ ለቀብር። ሆዳቸውን ለአርአያነት የጠየቃቸው ግን አልነበረም።

«ቶሎ ያልቃል?»

«ወዲያው ነው።»

ተኙ። ግድግዳው ላይ ላለው ሕፃን ጀርባቸውን ሊሰጡ ፈልገው ነበር፤ በጀርባ ተኝቶ ጀርባ መስጠት ስለማይቻል ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቅባቱ ሲያርፍባቸው ዘለሉ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ቅባት ነው ጋሼ፤ ትንሽ ይቀዘቅዛል።»

«ግሪስ ነው አትይኝም?»

«አዎ፣ ግሪስ ነው።»

«ታዲያ ግሪስ እንደዚህ እየተሰሰተ አይቀባም። ጨምሪ።»

ጨመረች። መሣሪያውን ከደረታቸው በታች አሳርፋ ወደ እምብርታቸው አወረደችው። ቆመች። መልሳ አወጣችው፤ እንደገና አወረደችው፤ እንደገና ቆመች።

«አየሽው?» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«አየሁት።»

«እንዲህ ያለ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ዶክተር እድላዊት ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው እንዲሰበስቡ ጠየቀቻቸው።

«ጉልበቴ ደግሞ ምን አጠፋ?»

«ሆድ ውስጥ ሲገኝ ከጉልበት ጀርባም ማየት አለብን ጋሼ።»

«ምን ሲገኝ?»

ያን ጊዜ ነው ዓይናቸውን የገለጡት።

ወንበሯን አስጠግታ፣ እትዬ የሺሀረግን ጠርታ፣ ለሁለቱም ነገረቻቸው። ከልብ ተነስቶ በሆድ መሐል የሚወርደው ትልቁ የደም ስር የአውራ ጣት ያህል መወፈር ሲገባው፣ የጋሽ ሽታው ተነፍቶ ብርቱካን አክሏል። የግራ ጉልበታቸው ጀርባም ጀምሮታል። የተነፋው ቦታ እየሳሳ ይሄዳል፤ አንድ ቀን ሊፈነዳ ይችላል፤ ከፈነዳ በኋላ ሆስፒታል ደርሶ የሚተርፍ ጥቂት ነው። ሳይፈነዳ ከተደረሰበት ግን አዲስ አበባ ላይ በቀዶ ጥገና ይጠገናል። ዕድሜ የገፋ ወንድን፣ ያውም አጫሽን፣ መርጦ ይይዛል። ቀዶ ጥገናውም ቀላል አይደለም፤ መቆየቱ ግን ይብሳል።

«አያመኝም እኮ!» አሉ ጋሽ ሽታው።

«ለዚህ ነው ባያማችሁም ብለን የጠራነው። አሞ አያስጠነቅቅም።»

«ሳያንኳኳ የሚገባ ከሆነ በሽታ አይደለም፤ ሌባ ነው!»

ሸሚዛቸውን ያላግባብ ቆልፈው፣ አንዱን ጫፍ ከሌላው አስረዝመው ወጡ። ኮሪደሩ ላይ የጋሽ ሙሐመድሁሴን ልጅ ራህመት ተራዋን ትጠብቅ ነበር። ከጅዳ የተመለሰችው አገሯ ልትወልድ ነው፤ ጋሽ ሽታውን ከልጅነቷ ጀምሮ እየተቆጧት ያደገች ስለሆነች አትፈራቸውም። ሆዳቸው ላይ የቀረውን ቅባት በሸሚዙ ክፍተት አየችና፦

«ጋሼ፣ ስንት ወርዎ ነው?» አለቻቸው።

ይኸው ነው። አንዲት የቀልድ ጥያቄ ናት፤ የቀረውን የሠራው ከተማው ነው። ይህን ሁሉ ሕዝብ ሰው ይሉታል? የአንድ ሰው ነፍስ በብርቱካን ላይ ተንጠልጥላ፣ እሱ መንታ ይቆጥራል!

ቤት ሲደርሱ ቁጣቸው ሙሉ ሆነ። መጀመሪያ መሣሪያውን ከሰሱ፤ ሴት ሲያይ የኖረ ነው፣ ወንድ ሲያይ ደንግጦ ነው አሉ። ቀጥለው ሐኪሟን፤ ልጅ እግር ናት፣ አሰብን አታውቅም። ቀጥለው የደም ስሩን፤ ይህን ሁሉ ዘመን ሲሸከማቸው ኖሮ ምን ጎደለብኝ ብሎ ነው አሁን የሚያብጠው? «አዲስ አበባ አልሄድም» አሉ። «ሳያመኝ ሆዴን አልቀደድም። በቃ።»

እትዬ የሺሀረግ ባልዲ እንዳያነሱ ከለከሏቸው፤ አነሱ። ከዘራቸውን ደበቁባቸው፤ ያለ ከዘራ ሄዱ። ጎረቤት «እንዴት ናቸው?» ብሎ ሲጠይቃቸው እትዬ የሺሀረግ እንዲህ ይሉ ነበር፦ «ሲጮህ ደህና ነኝ። ጩኸቱን ካቋረጠ ነው ልቤ ቀጥ የሚለው፤ ከማድቤት ወጥቼ አየዋለሁ። እንደገና ሲሳደብ ተመስገን ብዬ እመለሳለሁ።»

በአራተኛው ቀን ጋሽ ሽታው ሐኪሟን ለማማት ወደ ጎሚስታው ቤት ወረዱ። ጋሽ ሙሐመድሁሴን ከመንገዱ ዳር፣ በጎማ ክምር መሐል፣ አንዱን ጎማ በብረት ከቸርኬው እየፈለቀቁ ነበር።

«አፊያ ነህ ሽታው?»

«ምን ሆኜ!»

«ብርቱካን ይዘሃል አሉ።»

«አንተም አመንክ? ይህቺ ልጅ...»

ንግግራቸውን ሳይጨርሱ አንድ የጭነት መኪና ፍሬን ይዞ ቆመ። ጎልማሳ ሹፌር ወርዶ የኋላ ጎማውን ነፋስ እንዲሞሉለት ጠየቀ፤ ቸኩሏል፣ ወልዲያ ይጠበቃል። ጋሽ ሽታው ልማዳቸው ነውና ጎማውን ዞረው አዩ። ጎኑ ላይ የቡጢ ያህል አብጧል።

«አንተ!» አሉ። «ይህን ይዘህ ነው ወልዲያ የምትሄደው?»

«ችግር የለውም ጋሼ። ከኮምቦልቻ ጀምሮ እየሄደ ነው።»

«እየሄደ ነው?» ጋሽ ሽታው ከዘራቸው ስላልነበረ በጣታቸው አስፈራሩት። «እስኪፈነዳ ሁሉም ይሄዳል! ያበጠ ጎማ ይናገራል? ያለቅሳል? ዛሬ ልፈነዳ ነው ብሎ ይልክብሃል? የባቲን ቁልቁለት ስወርድ ስንቱን እንደዚህ ያለ ደንቆሮ ከገደል አውጥቻለሁ! ሁሉም ሲሄድ ደህና ነበር! ማበጡን ካየህ አለቀ፣ ወልቆ ይጠገናል፣ ወይ...»

እዚህ ላይ ቆሙ።

ጋሽ ሙሐመድሁሴን ብረቱን መሬት አስቀመጡ፤ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

«ቀጥል ሽታው» አሉ። «እየሰማሁህ ነው።»

ጋሽ ሽታው ሹፌሩን ትንሽ አዩት፤ ጎማውን ትንሽ አዩት፤ ከዚያ ማንንም ሳይሳደቡ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ይህንን ያየው ሁሉ ደነገጠ። ጋሽ ሽታው አስፋልት ተሻግረው፣ አንድ ባጃጅ ሊነካቸው ምንም ሳይቀረው፣ ዝም አሉት! ባጃጅ ነጂው ራሱ ወርዶ «ጋሼ፣ አሞዎታል?» ብሎ ጠየቃቸው ይባላል። እሱንም አልተቆጡት።

በዚህ ዝምታቸው የተነሳ ነው እትዬ የሺሀረግ ሽማግሌ የላኩት። የባላቸው ጓደኞች በሞታቸው ቀን ከሚሰበሰቡ በሕይወት ሳሉ ይሰብሰቡ ብለው፣ እሑድ ከሰዓት ሦስቱን ጠሩ። አንዱ ጋሽ ሙሐመድሁሴን ናቸው። ሁለተኛው ጡረታ የወጡት መምህር ወንዱ ናቸው፤ ተማሪ ሲያጨስ ሲይዙ የሚገርፉ፣ ራሳቸው ግን ከትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ጀርባ ጭስ የሚያስወጡ የነበሩ። ሦስተኛው ታረቀኝ ነው፤ የጋሽ ሽታው የቦቲ ረዳት የነበረ፣ የጌታውን የሲጋራ ቁራጭ እያነሳ ያደገ። ጢሙ ነጭ ሆኖ፣ የልጅ ልጅ አይቶ እንኳ ረዳት ስለነበረ ብቻ እስከ ዛሬ ሐይቅ ውስጥ አንቱ ያለው የለም።

ሦስቱም ጋቢያቸውን አጣፍተው ገቡ። ጋሽ ሽታው መደባቸው ላይ ነበሩ።

«ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ሙሐመድሁሴን። «ለልመና ነው የመጣነው። እሺ ካላልከን አንቀመጥም፣ እህልም አንቀምስም።»

«ምነው፣ ልጄን ለማን ልታጩ ነው?»

«አንተን ለሐኪም ነው።»

«እንግዲያው ቁሙ» አሉ ጋሽ ሽታው።

ቆሙ። መምህር ወንዱ ጀመሩ፤ የሰው ልጅ አካል እንደ አገር ነው፣ የደም ስር እንደ መንገድ ነው አሉ፤ ረጅም ነበር፣ ጋሽ ሽታው ጆሯቸውን ሲያኩ አለቀ። ታረቀኝ ቀጠለ። ንግግር አያውቅም፦ «ጋሼ፣ ሠርዶ በረሃ ላይ ውሃ ሲያልቅብን የራስዎን ለኔ ሰጥተው እርስዎ የሞተሩን ማቀዝቀዣ ውሃ ጠጡ። እኔ አልረሳሁትም» አለና ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ነካ። መጨረሻ ላይ ጋሽ ሙሐመድሁሴን እጃቸውን ዘረጉ። «ሽታው፣ በግሸኗ ማርያም ይዤሃለሁ። እኔ በእሷ ከያዝኩህ አንተ በምን ታመልጣለህ? ደግ ሰው ነህ። ክፉ አፍ አለህ እንጂ ደግ ነህ። ወላሂ፣ በዚህ አስፋልት እንዳንተ ያለ የለም።»

ጋሽ ሽታው ሁሉንም ሰሙ። ታረቀኝ እግር እየቀያየረ ይቆማል፤ የመምህር ወንዱ ወገብ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል። እትዬ የሺሀረግ ዳቦውን በሰፌድ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ሽማግሌ ሳይቀመጥ ምግብ አይቀርብምና።

«አንተ ሰው!» አሉ እትዬ የሺሀረግ። «እግራቸውን ልትጨርስ ነው?»

«ነገ እሄዳለሁ» አሉ ጋሽ ሽታው።

«የት?»

«አዲስ አበባ ነዋ! ለዶክተሯ ደውዬ ነግሬያታለሁ። ከጎሚስታው ቤት የተመለስሁ ዕለት ወስኛለሁ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አቆምከን!» አሉ ጋሽ ሙሐመድሁሴን፤ ከንዴት ይሁን ከደስታ አልለየም።

«ደግ ነህ ስትሉኝ ደስ ብሎኝ ነው! በሕይወቴ ሙሉ አንድ ቀን አልነገራችሁኝም። ቀብሬ ላይ ልትሉት ነበር የምታስቀምጡት?»

ታረቀኝ እፎይ ብሎ ወደ መደቡ ሊቀመጥ ዝቅ አለ።

«ማነው ያለህ ቁጭ በል?» አሉት ጋሽ ሽታው። ግድግዳውን ይዘው ተነሱ፤ ቀስ ብለው መጥተው ከሦስቱ ፊት ለፊት ቆሙ። «አሁን ደግሞ እኔ ነኝ ለማኙ። ካልሰማችሁኝ አልቀመጥም፤ ብርቱካኑ እዚሁ ይፈንዳ። ከሦስታችሁ መካከል ሆዱን ያሳየ ማነው?»

ሦስቱ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«ሙሐመድሁሴን?»

«እኔ አልሐምዱሊላህ፣ አፊያ ነኝ።»

«ወንዱ?»

«ስለ ጉዳዩ በሰፊው አንብቤያለሁ» አሉ መምህሩ።

«ሆድህን ነው ያልኩህ እንጂ መጽሐፍህን አይደለም! ታረቀኝ?»

«እኔ እኮ ረዳት ነበርኩ ጋሼ» አለ ታረቀኝ። «የሹፌር በሽታ መሰለኝ።»

«ጭሱን አብረን አይደል እንዴ የዋጥነው? ጋቢናው አንድ አልነበር?» ፊታቸው ቀላ፤ የአንገታቸው ሥር ተወጠረ፤ እትዬ የሺሀረግ «ቀስ በል፣ ቀስ በል» እያሉ ሰፌዱን ለማን እንደሚያቀብሉ ጠፋቸው። «ልትለምኑኝ ስትመጡ ጋቢ ታጥባላችሁ፣ ጢም ታበጥራላችሁ! አንድ ወንበር ላይ ከሴቶች ጋር መቀመጥ ሞት ሆኖባችሁ እውነተኛውን ሞት በሆዳችሁ ታዝላላችሁ! እኔ ተኝቼበታለሁ፤ ከተማው ስቆብኛል፤ ምን ቀነሰኝ? ልጅቷ እስከ ዓርብ አለች። ነገ ጠዋት ሦስታችሁም ትሄዳላችሁ።»

ጋሽ ሙሐመድሁሴን ወለሉን አዩ። መምህር ወንዱ ጣሪያውን። ታረቀኝ ጋቢውን አፉ ድረስ ሳበው።

ጋሽ ሽታው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ቁጣው ግን እንዳለ ነበር።

«ቁስሌን ይዤ፣ ያን ሁሉ መንገድ አልፌ፣ ድኜ እመለሳለሁ እንበል። እናንተ ከሌላችሁ፣ እኔ እዚህ አገር ከማን ጋር ነው የምጣላው?»